ደሴት ላይ ማን ይክረም?

በግንቦት መጨረሻ ማርታስ ቪንያርድ ደሴት ላይ ሰው ዕቃውን ይጭናል። ፍራሽ ፒክአፕ ላይ በገመድ ይታሰራል፤ የልጆች ልብስ በጥቁር የቆሻሻ ፌስታል ይጠቀጠቃል፤ ድስትና መጥበሻ ካርቶን ውስጥ ይገባል፤ ፍሪጅ ውስጥ የተረፈው ለጎረቤት ይታደላል። የሚሄዱት ሩቅ አይደለም፤ ከደሴቱም አይወጡም። ከመስከረም ጀምሮ የኖሩበትን ቤት ባለቤቱ ለበጋ እንግዶች በሳምንት ሒሳብ ሊያከራየው ስለሆነ ብቻ ነው የሚለቁት። በጋውን አንዱ ዘመዱ ጓሮ ድንኳን ተክሎ፣ አንዱ ጀልባው ውስጥ፣ አንዱ ጓደኛው ሳሎን ተጠግቶ ያሳልፋል። መስከረም ሲጠባ ደግሞ እንደገና ይጭናል። ኗሪዎቹ ለዚህ ኑሮ ስም አውጥተውለታል፤ ካርታ ከመበወዝ የተወሰደ ስም ነው፤ «የቪንያርድ ብወዛ» ይሉታል።

ዕቃ የሚጭኑት ሥራ ያጡ ሰዎች አይደሉም። መምህር አለች፣ ነርስ አለች፣ አናጺ፣ ወጥ ሠሪ፣ ዓሣ አስጋሪ አለ። ደሴቱ ያለው በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ከኬፕ ኮድ በስተደቡብ ነው፤ ከዉድስ ሆል ወደብ የሚነሳው ጀልባ በ45 ደቂቃ ያደርሳል። ዓመቱን ሙሉ የሚኖርበት ሰው 20 ሺህ ገደማ ነው። በጋ ሲገባ፣ ማለትም የኢትዮጵያ ሰማይ ዝናብ በሚያወርድባቸው ወራት፣ ቁጥሩ በብዙ እጥፍ ያድጋል። ደሴቱ ላይ ካሉት ቤቶች ከግማሽ የሚበልጡት የወቅት ቤቶች ናቸው፤ ባለቤቶቻቸው ሌላ ከተማ ኖረው ለጥቂት ሳምንታት ብቅ ይላሉ። ስለዚህ ቪንያርድ ላይ ቤት ጠፋ ሲባል ቤት የለም ማለት አይደለም። ጥር ላይ በመንደሩ መንገድ በምሽት የሚያልፍ ሰው የሚያየው መብራት የሌለበት መስኮት ተሰልፎ ነው።

አማርኛ ለዚህ ነገር ጥሩ ቃል አለው። ሰው ከወራት በኋላ ሲገናኝ «እንዴት ከረማችሁ?» ይባባላል። መክረም ጊዜን ማሳለፍ ብቻ አይደለም። ቃሉ ከክረምት ጋር አንድ ሥር ነው ያለው፤ ጭቃውን፣ ሙላቱን፣ መንገድ የሚቆረጥበትን ወቅት በአንድ ቦታ ሆኖ ማለፍን ያስታውሳል። ቪንያርድ ላይ ክረምቱ ብርድና የአትላንቲክ ነፋስ ነው፤ ማዕበል ሲበረታ ጀልባው ይቀራል፤ ብዙ ሱቅና ምግብ ቤት በሩን ዘግቶ ይሰነብታል። ያን ጊዜ እሳት የሚያጠፋው፣ የታመመ የሚያነሳው፣ ልጅ የሚያስተምረው እዚያው ያለው ሰው ነው። እንግዲህ የደሴቱ ጥያቄ በአማርኛ ሲጠየቅ እንዲህ ይሆናል፦ አንድ ቦታ መክረም ለዚያ ቦታ ባለመብት ያደርጋል ወይ?

የቤት ባለቤቶቹን መልስ አቃልሎ ማለፍ ተገቢ አይደለም። ቤቱን በገንዘባቸው ገዝተዋል። ከአያት የወረሱም ብዙ ናቸው፤ ዋና የተማሩት፣ ልጆቻቸውን አሸዋ ላይ ያስሮጡት እዚያ ነው። ልጆቻቸው በደሴቱ ትምህርት ቤት ሳይማሩ ለትምህርት ቤቱ ግብር ይከፍላሉ። አናጺውም ቧንቧ ሠራተኛውም እንጀራው ከእነሱ ሥራ ይወጣል። «ቤቴ ባዶ ቢውል ማን ይጎዳል?» ብለው ቢጠይቁ በጣት የሚጠቆም ተጎጂ አይገኝም። አንድ ባዶ ቤት ማንንም አያፈናቅልም። ጉዳቱ የሚታየው ሲደመር ነው፤ የሚደመረውም ልክ ባለው መሬት ላይ ነው። ቦስተን ኪራዩ የከበደው ሰው ራቅ ወዳለ ከተማ ይሄዳል፤ እሱም ከከበደው ይበልጥ ይርቃል። ቪንያርድ ለከበደው ግን ቀጥሎ ያለው ባሕር ነው። ጥያቄው የሚከብደው ለዚህ ነው፦ ማንም ሳያጠፋ በደል ሊኖር ይችላል?

በምዕራቡ ዓለም ስለ ንብረት የሚነሳ ክርክር ጆን ሎክን ሳይነካ አያልፍም። ሎክ በ1689 እ.ኤ.አ. በታተመው ስለ መንግሥት በጻፈው ድርሰቱ፣ ሰው በላቡ ያለማው መሬት የራሱ ይሆናል ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ ግን ቅድመ ሁኔታ ነበረው፤ አንዱ ሲወስድ ለሌላው የሚበቃና ከተወሰደው የማያንስ መትረፍ አለበት። ሎክ ይህን ሲጽፍ ሰፊ ትርፍ መሬት አለበት ብሎ ያሰበው አሜሪካን ነበር። ደሴት ላይ ቅድመ ሁኔታው ከመጀመሪያው ቀን ይፈርሳል። የመሬቱ መጨረሻ በዓይን ይታያል።

በእውነቱ ያኔም ትርፍ መሬት አልነበረም። ዋምፓኖአጎች ደሴቱን ኖኤፔ ብለው ይጠሩት ነበር። ቶማስ ሜይሂው የተባለው እንግሊዛዊ በ1641 የይዞታ መብት ሲገዛ የገዛው ደሴቱ የእኛ ነው ከሚሉ ሌሎች ብሪታንያውያን ነው። በምዕራቡ ጫፍ፣ አኩዊና ላይ፣ ዋምፓኖአጎች መሬታቸውን በጋራ እንደያዙ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ዘለቁ፤ በ1870 ግዛቱ አካባቢውን እንደ ማንኛውም ከተማ ካቋቋመው በኋላ የጋራው መሬት ተሸነሸነ፣ ግብር የሚከፈልበትና የሚሸጥ ሆነ። የፌዴራሉ መንግሥት ለነገዱ ሕጋዊ እውቅና የሰጠው በ1987 ነው። ደሴቱ ላይ ከሁሉ ቀድሞ የከረመው ማን ነው ቢባል መልሱ አያከራክርም። መክረም ብቻውን መሬትን ይዞ ለማቆየት እንደማይበቃም የመጀመሪያዎቹ ምስክሮች እነሱ ናቸው።

መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ጥያቄ ፊት ለፊት የሚነካበት ቦታ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ነው። ስለ ኢዮቤልዩ የሚታወቀው ክፍል ብዙ ተሰብኳል፤ ምድር የእግዚአብሔር ናት፣ ሰው በእርሷ ላይ እንግዳ ነው፣ ስለዚህ እርሻ ለዘለዓለም አይሸጥም፣ በ50ኛው ዓመት ወደ ወገኑ ይመለሳል። እምብዛም የማይሰበክበት ከዚያ ጥቂት ቁጥሮች ዝቅ ብሎ ያለው ነው። እዚያ ሕጉ ስለ ቤት ይናገራል፤ ቤትንም በሁለት ይከፍለዋል። በቅጥር በተከበበ ከተማ ያለ ቤት ከተሸጠ ሻጩ ሊቤዠው የሚችለው በአንድ ዓመት ውስጥ ነው። ዓመቱ ካለፈ ቤቱ ለገዢውና ለልጅ ልጁ ይጸናል፤ ኢዮቤልዩም አያስመልሰውም። ቅጥር በሌለው መንደር ያለ ቤት ግን እንደ እርሻው ይቆጠራል፤ ሁልጊዜ ሊቤዥ ይችላል፣ በኢዮቤልዩም ይመለሳል።

ይህ ልዩነት ለምን አስፈለገ? ሕጉ ምክንያቱን ዘርዝሮ አይነግርም፤ ነገር ግን ማስተዋል አይከብድም። በከተማ ቤት ሀብት ነው፤ ነጋዴ ይገዛዋል፣ ይሸጠዋል፣ የከተማው ሕይወት አይቆምም። በመንደር ቤትና ኑሮ አይለያዩም። እርሻው ያለው ከቤቱ ጀርባ ነው፤ ቤቱን ያጣ ሰው ሥራውንም ያጣል፣ መንደሩም ሰው ያጣል። ሕጉ ቤት መሸጥን አልከለከለም፤ ነጋዴንም ሌባ አላለውም። የጠየቀው፣ ይህ ቤት የቆመበት ቦታ ምን ዓይነት ቦታ ነው የሚለውን ነው። ቪንያርድ ለዘመናት ቅጥር የሌለው መንደር ነበር፤ ቤት ከጀልባና ከበግ እርሻ ጋር ይሄድ ነበር። ዛሬ ቤቱ የሚሸጠው በከተማ ሕግ ነው። ባሕሩ ራሱ ቅጥር አይደለም ወይ ብሎ የሚከራከር ይኖር ይሆናል። የከተማ ቅጥር ግን ሰውን ሰብስቦ የሚያኖር ነው፤ ባሕር መሬቱን ይወስናል እንጂ ማንንም አያኖርም።

ስሙን የኢትዮጵያ ምእመን ከቅዳሴው የሚያውቀው ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያ፣ በ4ኛው ክፍለ ዘመን በሉቃስ ወንጌል ስላለው ጎተራውን አፍርሶ ሊያሰፋ ስላሰበው ባለጠጋ ሲሰብክ አንድ ምሳሌ ሰጥቷል። ቀድሞ ቴአትር ቤት ገብቶ፣ ለሁሉ የተዘጋጀውን ቦታ የግሉ እንደሆነ ቆጥሮ፣ ኋላ የሚመጣውን የሚከለክል ሰው ነው ባለጠጋው። በባስልዮስ ምሳሌ ሰውዬው ቢያንስ እዚያው አለ፤ ቴአትሩን ያያል። ቪንያርድ ላይ ወንበሩ የተያዘው፣ በበጋ ብቻ ለሚመጣ ተመልካች ነው። ባስልዮስ ሰብኮ ዝም አላለም፤ ከቂሳርያ ከተማ ውጭ ለድሆች፣ ለሕሙማንና ለመንገደኞች መጠለያ አሠራ፤ ኋላም በስሙ ባስልያድ ተባለ። በዘመኑ ትንሽ ከኋላው የመጣው ዮሐንስ አፈወርቅ ደግሞ ስለ አልዓዛርና ስለ ባለጠጋው ተከታታይ ስብከት ሰጠ። ባለጠጋው አልዓዛርን አልመታውም፣ ገንዘቡንም አልሰረቀውም፤ ደጁ ላይ ተኝቶ እያየ አለፈው እንጂ። አፈወርቅ ያንኑ አለማካፈል ቅሚያ ብሎ ጠራው። ማንም ሳያጠፋ በደል ይኖራል ወይ ለሚለው ከዚህ የጠራ መልስ ማግኘት ይከብዳል።

ስብከት ግን ቤት አይሆንም። ደሴቱ ላይ ሃይማኖትና ቤት የተገናኙበትን ቦታ ለማየት ኦክ ብላፍስ ወደምትባለው ከተማ መውረድ ይበቃል። በ1835 በነሐሴ ወር ሜቶዲስቶች እዚያ የባሉጥ ዛፎች ሥር ድንኳን ተክለው ጉባኤ አደረጉ። በኋላ ዓመታትም ተመለሱ። ድንኳኑ እየበዛ፣ ወለሉ ጣውላ እየሆነ፣ ግድግዳው እንጨት እየለበሰ ሄደ። ዛሬ 300 ያህል ትናንሽ ቤቶች ቆመዋል፤ መሐላቸው በ1879 በብረት የተሠራው ሰፊ የጉባኤ ዳስ አለ። ቤቶቹን ቀርቦ ያየ ሰው ድንኳኑን አሁንም ያገኘዋል። ጠባብና ቁመተ ረጅም ናቸው። በሩ መሐል ላይ ሁለት ተከፋች ሆኖ፣ እንደ ድንኳን መጋረጃ ግራና ቀኝ ይገለጣል፤ መስኮቱ ጫፉ እንደ ቤተ ክርስቲያን መስኮት ሾጣጣ ነው፤ ከጣሪያው ጠርዝ እንደ ጥልፍ የተፈለፈለ እንጨት ይንጠለጠላል፤ ቀለሙ ሮዝ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ ነው። የተተከሉት በድንኳኑ ቦታ ላይ ስለሆነ እጅግ ተጠጋግተዋል፤ የአንዱ ሳል ለሌላው ይሰማል።

እነዚያ ሰዎች ድንኳን የተከሉት ለመዝናናት አልነበረም። እንደ አብርሃም በድንኳን መኖር፣ ሰው በምድር ላይ መጻተኛ መሆኑን ያስታውሳል። ኋላ ቦታው የበጋ ማረፊያ ሆነ፤ በዚህ መሳለቅ አይገባም፣ ሰው ባሕርና ጥላ ይወዳል። የሚገርመው የቀረው ነገር ነው። መሬቱ ዛሬም የማኅበሩ ነው፤ ባለቤቶቹ ያላቸው ቤቱን ብቻ ነው፤ ለቦታው ኪራይ ይከፍላሉ። ከመቶ ዓመት በላይ ሰው በሰው መሬት ላይ ቤት ሠርቶ፣ ሸጦ፣ አውርሶ ኖሯል፤ ሰማይ አልተደፋም። ሆኖም ይህ ብቻውን ቤቱን ርካሽ አላደረገውም። ውሉ የመሸጫ ዋጋን ስለማይገድብ ትንሿ ቤት በውድ ትሸጣለች፤ አብዛኞቹም ለብርድ ስላልተሠሩ አይከረምባቸውም።

የጎደለውን ያሟላው ሐሳብ ከሌላ አቅጣጫ ነው የመጣው፤ መንገዱም ሊተረክ ይገባዋል። በ1960ዎቹ በአሜሪካ ደቡብ፣ ጆርጂያ ውስጥ፣ ለመምረጥ የተመዘገቡ ጥቁር ጢሰኞች በነጭ ባለመሬቶች ከመሬት ይባረሩ ነበር። ስሌተር ኪንግና ቻርልስ ሼሮድ የመሳሰሉ የሲቪል መብት ታጋዮች፣ ከሰላም ተሟጋቹ ቦብ ስዋን ጋር ሆነው፣ መሬት የማይነጠቅበትን መንገድ ሲፈልጉ በ1968 ቡድን ወደ እስራኤል ሄዶ የአይሁድ ብሔራዊ ፈንድን አሠራር አጠና። ፈንዱ መሬት አይሸጥም ነበር፤ ለ49 ዓመት ያከራይ ነበር፤ ይህም እስከ ኢዮቤልዩ የሚቆጠረው የዓመት ቁጥር ነው። የዚያ መሬት ታሪክ ማን ገብቶ ማን ተገፋ የሚል የራሱ ከባድ ክርክር አለበት። ከጉዞው ግን ሰዎቹ ይዘው የተመለሱት ሐሳብ፣ መሬቱን ለማኅበረሰቡ፣ ቤቱን ለኗሪው ማድረግ ነበር። በ1969 «ኒው ኮሚዩኒቲስ» የተባለውን ድርጅት መሠረቱ፤ 5,700 ኤከር ያህል መሬት ያዙ። ድርቅ መታቸው፤ በዘር አድልዎ የመንግሥት ብድር ዘገየባቸው፤ በ1985 መሬቱን በዕዳ አጡት። መሬቱ ቢጠፋም አሠራሩ ተረፈ፤ በመላ አሜሪካ ብዙ የማኅበረሰብ መሬት አደራዎች ከእሱ ተወለዱ።

ከእነዚህ አንዱ ቪንያርድ ላይ ያለው የደሴቱ የቤቶች አደራ ነው። ቤቱን ይሸጣል፤ መሬቱን ይዞ በ99 ዓመት ሊዝ ይሰጣል። ለአዲስ አበባ አንባቢ ሊዝም፣ 99 ዓመትም፣ ቤት በዕጣ መድረሱም እንግዳ ነገር አይደለም፤ ቪንያርድ ላይም መስፈርቱን ያሟሉ ሰዎች ስማቸው በዕጣ ይወጣል። ልዩነቱ ውሉ ውስጥ ነው። ባለቤቱ ሲሸጥ ዋጋው በቀመር ይወሰናል፤ የሚቀጥለው መምህር ወይም አናጺ እንዲችለው። ቤቱም ዋና መኖሪያው መሆን አለበት። በሌላ አነጋገር መክረም የውል ግዴታ ሆኗል። የሌዋውያን መንደር ቤት ከሺህ ዓመታት በኋላ፣ በጆርጂያ እርሻ በኩል ዞሮ፣ በማሳቹሴትስ የውል ወረቀት ላይ ሲገኝ ማየት ደስ ያሰኛል።

«ትርፍ ቤት» የሚለውን ቃል የሰማ ኢትዮጵያዊ ሌላ መልስም ያውቃል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ደነገገ። ኪራይ ረከሰ፤ ብዙ ደሃ ከልጆቹ ጋር ከጣሪያ በታች አደረ፤ ይህ መካድ የለበትም። ግን የቀበሌ ቤት ጣሪያው ሲያፈስ የሚጠግነው ጠፋ። ተከራዩ የእኔ አይደለም አለ፤ ከኪራዩ የሚገኘው ሳንቲም ለቆርቆሮ አልበቃም፤ ጭቃው እየተሸረሸረ ሄደ። አደራው ከዚህ የሚለየው ቤቱን ከኗሪው ባለመንጠቁ ነው። ምስማር የሚመታው ሰው የራሱን ቤት ነው የሚመታው። ባለቤትነትን ማጥፋትና ባለቤትነትን መወሰን አንድ ነገር አይደሉም፤ የዚህ ጽሑፍ አቋም ከሁለተኛው ጋር ነው።

ደሴቱ በዓለም ዜና የታወቀበት ቀን ከዚህ ጉዳይ ጋር የተያያዘ ነው። በመስከረም 2022 የፍሎሪዳ ገዥ 50 የሚጠጉ፣ አብዛኞቹ ቬኔዙዌላውያን የሆኑ ጥገኝነት ፈላጊዎችን በሁለት አውሮፕላን ቪንያርድ ላይ አራገፈ። ማንም አልጠበቃቸውም። ኤድጋርታውን ያለው የቅዱስ እንድርያስ ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን በሩን ከፈተ፤ አልጋ ተዘረጋ፤ ኗሪው ምግብና ልብስ ተሸክሞ መጣ፤ ስፓኒሽ የሚማሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከክፍል መጥተው አስተረጎሙ። ከሁለት ቀን በኋላ እንግዶቹ በአውቶቡስና በጀልባ ኬፕ ኮድ ወዳለው የጦር ሠፈር ተወሰዱ። አንዳንዱ የደሴቱን ደግነት አመሰገነ፤ አንዳንዱ በሁለት ቀን ሸኟቸው ብሎ ወቀሰ። ሁለቱም አንድ ነገር ሳቱ። የራሱን ነርስ ማኖር ያቃተው ደሴት፣ እንግዳን ሊያሳድር ይችላል እንጂ ሊያከርም አይችልም።

ካንት በ1795 ስለ ዘላለማዊ ሰላም ሲጽፍ ይህንኑ ልዩነት አስምሮበታል። ምድር ክብ ናት፤ ሰዎች ያለ ገደብ ተበታትነው ሊኖሩ አይችሉም፤ ከመነሻው ማንም ሰው በአንድ ቦታ ላይ ለመገኘት ከሌላው የበለጠ መብት የለውም። ከዚህ ተነስቶ ለማንኛውም ሰው የመጎብኘት መብት ይሰጣል፤ ሰው ሰው አገር ሲደርስ እንደ ጠላት ሊታይ አይገባም። የመኖር መብት ግን ለእሱ ሌላ ነው፤ ልዩ ስምምነት ይፈልጋል። አማርኛው የመሸበትን እንግዳ ማሳደርና ሰውን ማኖር ብሎ ሁለቱን ይለያቸዋል። ቪንያርድ ላይ የሚያስገርመው ነገሩ ተገልብጦ መታየቱ ነው፤ ጎብኚው የመኖሪያውን ቤት ይዟል፤ ኗሪው እንደ መንገደኛ ማደሪያ ይፈልጋል።

ኗሪው ራሱም ከተጠያቂነት አያመልጥም። በአንዳንድ የደሴቱ ከተሞች ደንብ አንድ ቤት ለመሥራት ሰፊ መሬት ግድ ነው፤ ቺልማርክ ላይ 3 ኤከር ይጠየቃል። ደንቡ የወጣው እርሻውንና ጫካውን ለማዳን ነው፤ አደረገውም፤ ነገር ግን 3 ኤከር መግዛት የሚችል አናጺ የለም። በ1986 የደሴቱ ሰዎች የመሬት ባንክ አቋቋሙ፤ ከአብዛኛው የቤትና የመሬት ሽያጭ 2 በመቶ እየተወሰደ ሜዳና የባሕር ዳርቻ ሳይነካ እንዲቆይ ይገዛበታል። መልካም ሥራ ነው፤ የሕዝብ መሄጃ የሆኑት ብዙ የእግር መንገዶች የዚያ ፍሬ ናቸው። ውጤቱ ግን ሁለት ስለት አለው፤ ደሴቱ ባማረ ቁጥር ይወደዳል፤ ለቤት የሚሆነው መሬትም ያንሳል። ለወፉ ሜዳ በሕግ ተጠበቀለት። ወፉን የሚያጠናው ሰው ከኪራይ ወደ ኪራይ ይበወዛል።

ትንሽ ደሴት በሙሉ የከራሚዎቹ ሲሆን ምን ይመስላል? ስኮትላንድ ውስጥ ኤግ የምትባል ደሴት አለች። ኗሪዎቿ ለትውልድ የአንድ ባለመሬት ጢሰኞች ነበሩ፤ ዋስትና ያለው ውል ስለሌላቸው የሚያፈሰውን ጣሪያ ለመጠገን እንኳ ድፍረት አልነበራቸውም። በ1997 ገንዘብ ከየቦታው አሰባስበው፣ በ1.5 ሚሊዮን ፓውንድ ደሴቲቱን ገዙ። ያኔ 60 ገደማ ነበሩ፤ ዛሬ ከመቶ ይበልጣሉ። በ2008 ከውኃ፣ ከነፋስና ከፀሐይ የሚመነጭ የራሳቸውን መብራት ዘረጉ። ኤግ ለቪንያርድ አብነት ልትሆን አትችልም፤ ቪንያርድን ለመግዛት የሚበቃ መዋጮ የለም። ግን ከራሚ ሲረጋጋ ቤት እንደሚጠግንና ልጅ እንደሚያሳድግ አሳይታለች።

በ2022 የቪንያርድ ስድስቱም ከተሞች ድምፅ ሰጡ። የጠየቁት ለመሬት የሚሠራው ለሰውም እንዲሠራ ነው፤ ከውድ ቤቶች ሽያጭ ላይ ክፍያ እየተወሰደ ዓመቱን ሙሉ የሚኖርባቸውን ቤቶች የሚያስገኝ የቤቶች ባንክ። ይህን የግዛቱ ምክር ቤት ማጽደቅ ነበረበት። በነሐሴ 2024 አገረ ገዥዋ ማውራ ሂሊ የፈረሙት ትልቁ የቤቶች ሕግ ሲወጣ የሽያጭ ክፍያው አልገባበትም። ሌላ ነገር ግን ገባ፤ ሕጉ «የወቅት ማኅበረሰቦች» የሚል መደብ ፈጠረ፤ ቪንያርድና ጎረቤቱ ናንተኬት በዚያ ተካተቱ። እነዚህ ከተሞች ለባለቤት ገንዘብ ከፍለው፣ ቤቱ ለወደፊቱ ዓመቱን ሙሉ በሚኖር ሰው ብቻ እንዲያዝ የሚያደርግ ግዴታ መግዛት ተፈቅዶላቸዋል። መክረም ዋጋ ተተምኖለት በሕግ ሲጻፍ ማለት ነው። ያለ ሽያጭ ክፍያው ለዚህ የሚሆነው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ግን ከባድ ጥያቄ ሆኖ ቆይቷል።

ድምፁ የተሰጠበት መንገድ ራሱ የሚያስተምረው አለ። በኒው ኢንግላንድ ልማድ የከተማ ጉባኤ የሚባል አለ፤ በፀደይ፣ ብዙ ጊዜ በትምህርት ቤት አዳራሽ፣ የከተማው መራጭ ራሱ ተሰብስቦ በጀቱንና ደንቡን ይወስናል። እዚያ ለመምረጥ የቤት ባለቤት መሆን አያስፈልግም። መሬት የሌለው ሰው አይመርጥም የሚለው የጥንቱ ሕግ ከቀረ ቆይቷል፤ የሚጠየቀው ዜግነትና ኗሪነት ነው። የሚሊዮን ዶላር ቤት ያለው የበጋ ሰው ድምፅ የለውም፤ በሚያዝያ እጇን አውጥታ የከተማውን በጀት የምታጸድቀው ነርስ፣ ዕቃዋን ለግንቦት ማሰር የጀመረች ልትሆን ትችላለች። እንግዲህ መክረም ባለመብት ያደርጋል ወይ የሚለው ጥያቄ በድምፅ በኩል ከተመለሰ ቆይቷል። በቤት በኩል ነው ያልተመለሰው።

በእነዚህ ጉባኤዎች የማይመርጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ ለብቻቸው ይቀመጣሉ፤ ቆጠራ እንዳይሳሳት። እዚያ ረድፍ ላይ ከኒው ዮርክ የመጣ የበጋ ቤት ባለቤት ሊገኝ ይችላል። አጠገቡ ደግሞ ፖርቱጋልኛ የሚናገር ብራዚላዊ ሊቀመጥ ይችላል፤ የደሴቱን ጣሪያ ከሚሠሩት፣ ሣሩን ከሚያጭዱት፣ ልጆቻቸውን እዚያው ትምህርት ቤት ከሚልኩት ከብዙዎቹ አንዱ። አንዱ ስለማይከርም ድምፅ የለውም። ሌላው ከርሞ፣ ዓመት ደግሞ ከርሞ፣ ወረቀት ስለሌለው የለውም። ሊቀመንበሩ እጅ እንዲነሳ ሲጠይቅ ሁለቱም ዝም ብለው የሌሎችን እጅ ይመለከታሉ።